የምስክርና የተከሳሽ የመንገድ ወጪ በማን ነው?

 

«ፊደል መቁጠር ምን ያደርግልኛል?» ለሚል ሰው አንዱ መልስ ይኸ ነው፤ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የመጣ ወረቀት ሳይፈራ ለማንበብ ያስችለዋል። ዛሬ የምንነጋገረውም ስለ እንዲህ ያለ ወረቀት ነው። ይኸውም በአሜሪካ አገር የፌዴራል ፍርድ ቤት በወንጀል ጉዳይ የሚልከው መጥሪያ ነው። በዚያ አገር ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉና ንግግራችን በተለይ እዚያ ለምትኖሩት ነው።

አንዲት እናት ዴንቨር ከተማ ይኖራሉ እንበል። ዘመድ ለመጠየቅ ሲያትል ሄደው ሳለ ባንክ ሲዘረፍ በዓይናቸው አዩ። ወደ ቤታቸው ከተመለሱ ከወራት በኋላ «ሲያትል ቀርበው ይመስክሩ» የሚል መጥሪያ ደረሳቸው። «የአውሮፕላኑን ገንዘብ ከየት አምጥቼ?» ብለው ወረቀቱን ፍራሽ ሥር ቢደብቁትስ? ትልቅ ስሕተት ይሆናል። የፌዴራል ፍርድ ቤት የወንጀል መጥሪያ በአገሪቱ ውስጥ ከየትም ከተማ ሰውን ይጠራል። ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ሰው ፍርድ ቤት በመድፈር ሊጠየቅ ይችላል።

ታዲያ ወጪውን ማን ይችላል? መንግሥት የጠራውን ምስክር ወጪ የሚችለው መንግሥት ነው። በአውሮፕላን፣ በባቡር ወይም በአውቶቡስ ቢሄድ፣ መንገዱ አጭሩ፣ ቲኬቱም ከሚገኘው ሁሉ ርካሹ እስከሆነ ድረስ ይከፈለዋል። በራሱ መኪና ቢሄድ በማይል ታስቦ ይሰጠዋል። ማደር ግድ ከሆነበትም የመኝታና የምግብ አበል አለው። ከዚህ ሌላ ለእያንዳንዱ የምስክርነት ቀን 40 ዶላር ያገኛል፤ በመሄጃና በመመለሻ ያለፈው ጊዜም አብሮ ይታሰባል። ይህ ሒሳብ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990 የተወሰነ ነው። ትንሽ ነው፤ ከሥራ የቀሩበትንም ደመወዝ አይተካም። ቢሆንም የመንገዱን ሸክም ያቃልላል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ገንዘቡ እንዲሁ ደጅ ድረስ አይመጣም። ቲኬት ከመግዛታችሁ በፊት ለጠራችሁ ለዐቃቤ ሕጉ ቢሮ ደውሉ። «ገንዘብ የለኝም፤ እንዴት ልምጣ?» ብላችሁ ጠይቁ። የቲኬቱን፣ የታክሲውን፣ የመኪና ማቆሚያውን ደረሰኝ አትጣሉ። በመጨረሻም ፎርሙን ሞልታችሁ ፈርሙ። በእስር ላይ ሆኖ የሚመሰክር ሰው ግን ይህን አበል በአብዛኛው አያገኝም። ከአገር እንዲወጣ የተወሰነበት የውጭ አገር ሰውም እንዲሁ አይከፈለውም።

አሁን ደግሞ ወደ ተከሳሹ እንምጣ። ተከሳሹም ምስክር አለው። ነገር ግን ድሃ ከሆነ ምስክሩን በምን ያመጣል? እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1791 የጸደቀው የአገሪቱ ሕገ መንግሥት 6ኛ ማሻሻያ፣ ተከሳሽ ምስክሮቹን በፍርድ ቤት ኃይል የማስጠራት መብት ሰጥቶታል። መብቱ በገንዘብ እጦት ከንቱ እንዳይቀር ሕጉ መንገድ አበጅቷል። ተከሳሹ ሁለት ነገር ያስረዳል። አንደኛ፣ የምስክሩን ወጪ ለመክፈል አቅም የለውም። ሁለተኛ፣ ምስክሩ ለመከላከያው አስፈላጊ ነው። ይህን ካስረዳ ዳኛው መጥሪያው እንዲወጣ ያዛሉ፤ ወጪውም ለመንግሥት ምስክር በሚከፈልበት ዓይነት ይከፈላል። ማመልከቻው ዐቃቤ ሕግ ሳይሰማ ለዳኛው ብቻ የሚቀርብ ስለሆነ፣ ተከሳሹ የመከላከያውን ምስጢር አያወጣም።

ተከሳሹ ራሱስ? ዴንቨር እየኖረ ሲያትል ተከሰሰ፤ በዋስ ተለቋል፤ መሳፈሪያ ግን የለውም። በቀጠሮው ቀን ባይገኝ የእስር ማዘዣ ይወጣበታል። እያወቀ ከቀረም መቅረቱ ራሱ ሌላ ወንጀል ይሆንበታል። ስለዚህ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1978 የወጣ ሕግ አለ። ዳኛው ድህነቱን አጣርተው ካመኑበት፣ «ማርሻል» የሚባለው የፍርድ ቤት መኮንን መሳፈሪያውንና የመንገድ ስንቁን እንዲሰጠው ሊያዙ ይችላሉ።

ነገር ግን ይህ ሕግ ጎዶሎ አለው። የሚለው «ወደሚቀርብበት ቦታ» ነው። ስለ መመለሻውም ሆነ ችሎቱ እስኪያልቅ ስለሚያድርበት ቤት አይናገርም። ብዙ ዳኞችም «መሄጃውን ብቻ ነው» ብለው ፈርደዋል። እንግዲህ ድሃው ሰው በነጻ ቢለቀቅ እንኳ በባዕድ ከተማ ያለ መመለሻ ሊቀር ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ቀጠሮው እስኪደርስ ሳይጠብቅ ማደሪያውንና መመለሻውን ከጠበቃው ጋር አስቀድሞ ይምከርበት።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ፌዴራል ፍርድ ቤት ብቻ ነው። እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት የራሱ ደንብ አለው፤ ስለዚህ መጥሪያው ከየትኛው ፍርድ ቤት እንደመጣ በመጀመሪያ አንብቡ። እንግሊዝኛው ቢያስቸግራችሁ ለሚያነብላችሁ ሰው ዕለቱኑ አሳዩት።

«ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባላል። ባለመጠየቅም መሳፈሪያ ይቀራል፤ ከመሳፈሪያው ጋርም እውነት ሳይነገር ይቀራል። ወረቀቱን አንብቡ፣ ጠይቁ፣ ደረሰኝ ያዙ። በደኅና ሰንብቱ!