የጥምቀት ጠላ በገና ይጠነሰሳል
የጎንደር የሦስት ቀን የምግብና የመጠጥ ገበያ እንዴት ይታቀዳል?

በየዓመቱ ጥር 10 ቀን ከሰዓት በኋላ የየአጥቢያው ታቦታት ወደ አፄ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ ጎንደር ሌላ ከተማ ትሆናለች። ከደምቢያ፣ ከወገራ፣ ከአርማጭሆ፣ ከበለሳና ከጭልጋ የመጣው ምእመን፣ ከአዲስ አበባና ከውጭ አገር የገባው እንግዳ፣ ነዋሪውም ጭምር በአንድ መንገድ ላይ ይገናኛል። ይህ ሁሉ ሕዝብ መብላቱና መጠጣቱ አይቀርም። ከዚህ ተነሥቶ «ሰው ካለ ገበያ አለ» ብሎ ያለውን ገንዘብ ሁሉ ወደ ዕቃ የሚለውጥ ነጋዴ ጥቂት አይደለም። ጥር 13 ቀን ማለዳ የኮመጠጠ ጠላ የሚደፋውም፣ የተረፈ ሥጋ የሚታቀፈውም አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነጋዴ ነው።

ችግሩ የሰው ቁጥር ሳይሆን የቀን ጉዳይ ነው። በለንደን የዊምብልደን የቴኒስ ውድድር በሚካሄድበት ሰፈር ያሉ ምግብ ቤቶችና ቢራ ቤቶች ሁለት ሳምንት ጊዜ አላቸው። በመጀመሪያው ቀን ቢራ ያነሰው በሦስተኛው ቀን ጨምሮ ያዝዛል፤ የተረፈውም ዋጋ ቀንሶ ያወጣዋል። የጎንደር ነጋዴ ግን ያለችው ሦስት ቀን ብቻ ናት። ሦስቱም ደግሞ አንዳቸው ሌላቸውን አይመስሉም።

ጥር 10 ከተራ ነው። ከተራ ገሃድ ስለሆነ ይጾማል፤ ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል አይፈለግም። በዚህ ቀን ገበያው የሽሮ፣ የምስርና የበያይነቱ ነው። ብዙው ሕዝብ በዝማሬና በጸሎት ውጭ ስለሚያድርና የጎንደር የጥር ሌሊት ብርድ ስለማያስቀምጥ፣ ከእኩለ ሌሊት ወዲያ የሚሸጠው ትኩስ ሻይ፣ ዳቦና ቆሎ ነው። ካፒታሉ ትንሽ፣ ሽያጩ ፈጣን የሆነው ንግድ ይህ ሲሆን፣ ትልልቆቹ ምግብ ቤቶች ግን «የኛ ሥራ አይደለም» ብለው ለጀብሎውና ለሻይ ሻጯ ይተዉታል።

ጥር 11 ጠዋት ውኃው ይባረካል፤ ታቦታቱ መመለስ ይጀምራሉ። ጾሙ ተፈቷልና ከቀትር በኋላ ሕዝቡ ወደ አራዳና ወደ ፒያሳ ሲያቀና ሥጋ ቤቱ፣ ጥብሱ፣ ዱለቱና ድራፍቱ በአንድ ጊዜ ይጠየቃሉ። የሦስቱ ቀን ዋናው ገንዘብ በእነዚህ ጥቂት ሰዓታት ይገባል። ጥር 12 የቅዱስ ሚካኤል ታቦት የሚመለስበትና ቃና ዘገሊላ የሚከበርበት ነው። (መጠጥ ያለቀበት ሠርግ የሚታሰብበት ቀን መሆኑን የመጠጥ ነጋዴ ልብ ሊለው ይገባል።) በዚህ ቀን ከሩቅ የመጣው እንግዳ መሳሳት ይጀምራል፤ የከተማው ሰው ደግሞ ከሆቴል ይልቅ ዘመድ ቤት ይጋበዛል። ስለዚህ ለ11 የታረደውን ያህል ለ12 ማረድ ኪሣራ ነው።

ወደ መጠጡ እንምጣ። ጠላ ከጥንስሱ እስከ መጠጫው እንደ አየሩ ቅዝቃዜ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ቀን ይፈልጋል። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል፤ ጌሾው ተጠንስሶ ብቅሉና እንኩሮው ተራ በተራ ይገባል፤ ድፍድፉ ከረጋ በኋላ በውኃ ይሞላል። ከደረሰም በኋላ ዕድሜው አጭር ነው፤ ከሳምንት በላይ ከቆየ ይኮመጥጣል። ከገና (ታኅሣሥ 29) እስከ ጥምቀት ደግሞ አሥራ ሁለት ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ ለገና የተጠመቀ ጠላ ለጥምቀት አይደርስም። ለጥምቀት የሚሆነው ደግሞ ቢዘገይ በገናው ዕለት፣ ቅዝቃዜው ከጠና ከዚያም ቀደም ብሎ መጠንሰስ ይኖርበታል።

የጠላ ቤቷን ባለቤት የሚያስጨንቃት እዚህ ላይ ነው። ገና ላይ ጋኖቿ ሁሉ ሙሉ ናቸው፤ ደንበኛም በር ላይ ቆሟል። ለጥምቀት የሚጠነስስ ባዶ ዕቃ ከየት ይመጣል? ብዙዎች የገናውን ገበያ አሟጠው ሸጠው ጋን ሲለቀቅ ነው የሚጀምሩት። ውጤቱም ጥር 11 ቀን ያልጠራና ያልበሰለ ጉሽ ይሆናል። የገናውን ሽያጭ በሁለት ጋን ቀንሳ ለጥምቀት የምታውል ሴት የበለጠ ታተርፋለች። በገና አገሬው በየቤቱ ጠምቆ ይጠጣል፤ በጥምቀት ግን ቤት የሌለው እንግዳ ይበዛል። ጌሾና ብቅልም ከበዓሉ ሳምንት አስቀድሞ መግዛት ይሻላል፤ ሁሉም ጠማቂ በአንድ ቅዳሜ ገበያ ከወጣ ዋጋውን ሻጩ ይቆርጠዋል።

ከዚህ ጭንቀት የሚያወጣው መጠጥ እዚያው ሰሜን ጎንደር ደጋ ውስጥ አለ፤ ኮረፌ ይባላል። በዳባት አካባቢ፣ በተለይም በቅማንት ሕዝብ ዘንድ የሚታወቅ የገብስ መጠጥ ነው። የተፈተገው ገብስ በውኃ አድሮ ይቆላል፤ ተፈጭቶም ከደረቀ የጌሾ ቅጠልና ከውኃ ጋር ይደፈደፍና ሁለትና ሦስት ወር ይቀመጣል። መጠጡ ሲፈለግ ከድፍድፉ ጥቂት ተቀንሶ ውኃ ይጨመርበትና በማግስቱ ይጠጣል።

ይህ ለነጋዴ ምን ማለት እንደሆነ ያስቧል። ጠላ ያለቀለት ዕቃ ነው፤ ከደረሰ ወይ ይሸጣል ወይ ይደፋል። ኮረፌ ግን መጋዘን ውስጥ የተቀመጠ ጥሬ ዕቃ ይመስላል። በጥቅምት የተደፈደፈው ለጥምቀት ይደርሳል፤ የከተራ ዕለት የሰዉን ብዛት አይቶ ለ11 የሚበቃውን ብቻ በውኃ ማቅጠን፣ በ11 ደግሞ ለ12 መወሰን ይቻላል። የቀረው ድፍድፍ ለቀጣዩ በዓል ይቆያል። ጠጅም ቢሆን ከጠላ ይልቅ ስለሚቆይ አስቀድሞ ሊጣል ይችላል። ሆኖም ማሩ ብዙ ገንዘብ ይይዛል፤ ስኳርና ቀለም የገባበት ጠጅ ደግሞ ከማሩ ጠጅ ጋር በዋጋ ይሻማል።

የፋብሪካው ቢራ ሌላ ሒሳብ አለው። ዳሽን ቢራ በ1992 ዓ.ም. በጎንደር ሥራ ሲጀምር ለከተማው ግሮሰሪዎች ዕቃውን ከደጃቸው አመጣላቸው። ዛሬ በገበያው የሌሎች ፋብሪካዎች ቢራም አለ። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የአልኮል ማስታወቂያ በራዲዮና በቴሌቪዥን በመከልከሉም ፋብሪካዎቹ የሚታዩት በመሸጫው በር ላይ ሆኗል። ለግሮሰሪው ግን ወሳኙ ባዶ ጠርሙስ ነው። ሃምሳ ሣጥን ለመውሰድ ሃምሳ ሣጥን ባዶ ወይም ማስያዣ ያስፈልጋል፤ በጥር 10 ባዶ ፍለጋ መዞር ደግሞ አያዋጣም። ድራፍት ከተከፈተ ቶሎ ማለቅ ስላለበት ቦታው ፒያሳ ነው፤ መዋኛው አጠገብ ማቆሙ አያዋጣም።

ቦታን በተመለከተ፣ ከነገሥታቱ ግቢ እስከ መዋኛው ያለው ርቀት ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመዋኛው ዙሪያ፣ በቀሃ በኩል፣ ቆሞ የሚበላና የሚጠጣ ነገር ይሄዳል፤ ሰው ቦታውን ላለመልቀቅ አይቀመጥም። ወንበር ያለው ቤት ገንዘብ የሚያገኘው በመልስ መንገድ፣ ከዋናው ጎዳና ትንሽ ገባ ብሎ ነው። ጣሳ የሰቀለች ጠላ ቤት ከምንም ሰሌዳ በላይ ትታያለች።

በእንጨት ርብራብ ላይ መቀመጫ ሠርቶ ማከራየት የሚያስብ ካለ ግን 2012 ዓ.ም.ን ማስታወስ ይገባዋል። በዚያ ዓመት የጥምቀት አከባበር በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ በተመዘገበ በአንድ ወር ገደማ ውስጥ፣ ጥር 11 ቀን፣ በመዋኛው የተሠራው የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞተዋል።

የበዓሉ ገበያ አንድ ዋስትና አለው፤ ማንም አንሥቶ ሊወስደው አይችልም። የኳሱ ገበያ እንዲህ አይደለም። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሣ ውድድሩ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ ስለተካሄደ፣ የጎንደሩ ክለብ ባሸነፈ ቁጥር ቢራውን የሸጡት የሌላ ከተማ ቤቶች ነበሩ።

ዋስትናው ግን መንገድን አይጨምርም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ የተነሣው የትጥቅ ግጭት መንገድ እየዘጋ እንግዳውንም ዕቃውንም አሳስቷል። የወገራ፣ የዳባትና የደባርቅ ገብስ፣ የደጋው በግም የሚወርዱት በአንዱ የደባርቅ ጎዳና ነው። በዚህ ላይ የብቅል ፋብሪካዎች የሚፈልጉት የቢራ ገብስ ከጠላው ገብስ ጋር የገበሬውን ማሳ ይሻማል። ስለዚህ ገብሱን በኅዳር፣ አጨዳው ባለቀ ሰሞን ገዝቶ ጎተራ ማስገባት፣ በታኅሣሥ መጨረሻ መኪና ከመጠበቅ ይሻላል። ደላላውም ኮሚሽኑን የሚያገኘው ያኔ ነው።

ለሥጋ ነጋዴ የቀን መቁጠሪያው ከዚህ የባሰ ይናገራል። በ2019 ዓ.ም. ጥር 11 ማክሰኞ ይውላል፤ በማግስቱ ቃና ዘገሊላ ረቡዕ ነውና ጾም ይገባል። በ2020 ዓ.ም. ደግሞ ጥምቀት ሐሙስ፣ ቃና ዘገሊላ ዓርብ ይሆናል። በሁለቱም ዓመታት የበሬው ገበያ ከጥር 11 ቀትር እስከ እኩለ ሌሊት ብቻ ነው፤ በማግስቱ የሚሸጠው ሽሮ ነው። በ2021 ዓ.ም. ጥምቀት ራሱ ዓርብ ቢውልም ጾሙ ስለሚነሣለት ሥጋው ይሸጣል፤ ቅዳሜም ይቀጥላል። በዚያ ዓመት ሁለት በሬ የሚያርድ ቤት በፊተኞቹ ሁለት ዓመታት በአንዱ ቢብቃቃ ያዋጣዋል።