ጠዋት የማይነሳ ሞተር፦ ከካንዴላው ይጀምሩ

ወረታ ላይ በአንድ ርግጫ ሲነሳ የነበረ ያገለገለ ሞተር ሳይክል ደብረ ታቦር ገብቶ ባደረ ማግስት ተረግጦ ተረግጦ እምቢ ሊል ይችላል። ገዢው ሻጩ ያታለለው ይመስለዋል፤ አንዳንዴም እውነቱን ነው። ብዙ ጊዜ ግን ሞተሩ ምንም አልሆነም። የተስተካከለው ለሌላ አየር ስለነበረ ነው።

ወረታ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር አካባቢ። ክምር ድንጋይን አልፎ ወደ ነፋስ መውጫ የሚሄድ ሰው በጉና ትከሻ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ከፍታው በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ደብረ ታቦር ላይ ሞተሩ የሚስበው አየር ባሕር ጠረፍ ላይ ከሚስበው በሩብ ያህል ያንሳል። በአካባቢው የሚነዱት አብዛኞቹ ሞተሮች ቤንዚን የሚያገኙት በካርቡሬተር ነው፤ ካርቡሬተር ደግሞ አየሩ መሳሳቱን አያውቅም። በለመደው መጠን ቤንዚን ያሳልፋል፤ አየሩ ስላነሰ ቤንዚኑ ይበዛል፤ ካንዴላው ይጠቁራል ወይም ይርሳል። የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት ብርድ ሲታከልበት ቤንዚኑ በደንብ አይተንም፤ የሞተሩ ዘይት ይወፍራል፤ ባትሪውም ጉልበት ያጣል። የደጋ ሞተር ችግር ከዚህ ይነሳል፤ ፍተሻውም በዚሁ መንገድ ቢሄድ ይሻላል።

መጀመሪያ መርገጡን ያቁሙ። በተረገጠ ቁጥር ተጨማሪ ቤንዚን ወደ ሞተሩ ይገባልና መርገጥ ማብዛት ነገሩን ያባብሰዋል። ቀኝ እጀታ ላይ ያለው ማጥፊያ ተጭኖ እንዳይሆን ይመልከቱ፤ ልጆች ነክተውት ጋራዥ ድረስ የተገፋ ሞተር ብዙ ነው። የቤንዚኑ መክፈቻ ክፍት ይሁን፤ ሰርባቶዮው ውስጥ ያለው ትንሽ ከሆነ ወደ ሪዘርቭ ያዙሩት። ማርሹ ዜሮ ላይ መሆኑን፣ የጎን መቆሚያው መነሳቱንም ይዩ፤ አንዳንድ ሞተር መቆሚያው ካልተነሳ ወይም ፍሪሲዮኑ ካልተያዘ አይነሳም። ቀጥሎ የሰርባቶዮውን ክዳን ከፍተው ይሞክሩ። ክዳኑ ላይ አየር የሚያስገባ ትንሽ ቀዳዳ አለ፤ በአቧራና በጭቃ ሲደፈን ቤንዚኑ አይወርድም። ክዳኑ ሲከፈት ሞተሩ ከተነሳ በሽታው ተገኘ፤ ቀዳዳውን መጥረግ ብቻ ነው።

እነዚህ ሁሉ ደህና ከሆኑ ካንዴላውን ይፍቱ። ከካንዴላ በላይ እውነቱን የሚናገር የሞተር አካል የለም። ጫፉ ፈካ ያለ ቡናማ ከሆነ ሞተሩ በደህና ሲሠራ ቆይቷል ማለት ነው። እንደ ጥላሸት ከጠቆረና ደረቅ ከሆነ ቤንዚን ይበዛበታል ወይም የአየር ፊልትሮው ታፍኗል። ቤንዚን ቤንዚን እየሸተተ ከረጠበ ቤንዚኑ ደርሷል፤ የጠፋው እሳቱ ነው፣ ወይም ሞተሩ ከሚችለው በላይ ጠጥቷል። ከብዙ ርግጫ በኋላም ድርቅ ያለ ካንዴላ ከወጣ ደግሞ ቤንዚኑ ከመንገድ ቀርቷል። ቅባት ቅባት የሚል ጥቁር ነገር ከተለጠፈበት ዘይት ወደ ማቃጠያው እየገባ ነው፤ ይህ ከሁሉም የከፋው ዜና ነው። ይህ ግን ዘይት ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ ለሚሠራ፣ እንደ ያማሃ ዲቲ ላለ ሞተር አይሠራም፤ እሱ ላይ ትንሽ ቅባት ያለ ነው።

እሳቱን ለማየት ካንዴላውን በሽቦው ቆብ ላይ መልሰው ይሰኩትና የብረት አካሉን ከሞተሩ ብረት ጋር ያስነኩ፤ ከዚያ ይርገጡ። ቀላ ያለ ደካማ እሳት ሳይሆን ጠጠር ያለ ሰማያዊ ብልጭታ መታየት አለበት። ካንዴላውን በባዶ እጅ አይያዙት፤ ይመታል። ከተፈታበት ቀዳዳ ያርቁት፤ የተከፈተ ጀሪካንም አጠገብ አይኑር። ብልጭታው ከሌለ ወይም ደካማ ከሆነ መጀመሪያ አዲስ ካንዴላ ይሞክሩ። የጫፎቹ ክፍተት ለብዙዎቹ ትንንሽ ሞተሮች ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው። በአዲሱም ካልመጣ የካንዴላውን ቆብና ሽቦውን፣ ቀጥሎ ቦቢናውን ማየት ነው። በክረምት ውሃ የሚገባው በቆቡ በኩል ነው፤ ቡሄ ካለፈ ክረምት የለም ቢባልም በጉና ግርጌ ጭጋጉና ካፊያው ስለሚቆይ ቆቡን አድርቆ መሞከር ብቻውን ብዙ ሞተር አስነስቷል።

ባትሪው ስለደከመ ሞተሩ አለቀለት ብለው አይደምድሙ። ብዙዎቹ ባለ ካርቡሬተር ትንንሽ ሞተሮች የካንዴላውን እሳት የሚያገኙት ከሚሽከረከረው ማግኔት ነው። ቁልፍ ሲጫን ሞተሪኖው ባይዞር እንኳ በእግር ሊነሱ ይችላሉ። ቤንዚን በኤሌክትሮኒክስ የሚረጩት አዳዲሶቹ ግን በአብዛኛው ያለ ባትሪ አይሆንላቸውም። ሞልቶ ያረፈ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል፤ ከ12 በታች ከወረደ ቻርጅ ይፈልጋል።

በኛ አካባቢ ትልቁ ጣጣ ግን ቤንዚኑ ራሱ ነው። ማደያ ሲደርቅ በሃይላንድ እየተሞላ መንገድ ዳር የሚሸጠው ቤንዚን ውሃ ወይም ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል። የካርቡሬተሩ ሆድ ከሥሩ ማፍሰሻ ቡሎን አለው። ንጹሕ ብርጭቆ ወይም የተቆረጠ ሃይላንድ ከሥር ይያዙና ቡሎኑን በካቻቢቴ ላላ ያድርጉት። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ እንክብል እንክብል እያለ ከታች ይቀመጣል፤ በዓይን ይታያል። ዝገት ከወረደ ሰርባቶዮው መታጠብ አለበት። ምንም ካልፈሰሰ ደግሞ ቤንዚኑ የተዘጋው ከላይ ነው፤ መክፈቻውን፣ ቱቦውንና የቤንዚን ፊልትሮውን ይፈትሹ። ሞተሩን ለማቆም ከተገደዱ ሰርባቶዮውን ጎዶሎ አይተዉት፤ በቀዝቃዛ ሌሊት በባዶው ቦታ ያለው እርጥበት ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል።

ለወራት ቆሞ የከረመ ሞተር ከሆነ ቤንዚኑ ካርቡሬተሩ ውስጥ ደርቆ ሙጫ ይሆናል፤ ለሥራ ፈት ዙር ቤንዚን የምታሳልፈውን ቀጭን የነሐስ ቀዳዳ ይደፍናታል። እዚህ ላይ አጥብቄ የምለምነው ነገር አለ። ቀዳዳዋን በሽቦ ወይም በመርፌ አይጎርጉሯት፤ አያስጎርጉሯትም። በፀጉር ያህል ከሰፋች ቤንዚን ይበዛል፤ በቀጭን አየር ላይ ደግሞ ያ ለሁልጊዜ የሚቀጥል በሽታ ነው። በንጹሕ ቤንዚን ዘፍዝፎ በአየር መንፋት ይበቃል። ከቆላ ለመጣ ሞተር ደግሞ ባለሙያው ቀዳዳዋን በአንድ ደረጃ በጠበበች ቢለውጣት ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። የካርቡሬተሩን ማስተካከያ ቡሎን ከመንካት በፊት እስከ መጨረሻው ስንት ዙር እንደሚጠብቅ ቆጥሮ መጻፍ ያስፈልጋል፤ አለዚያ መመለሻው ይጠፋል።

ቾክ ለብርድ የተሠራ ቢሆንም ደጋ ላይ ልክ ይፈልጋል። ሙሉ ቾክ ስበው ሁለት ሦስቴ ረግጠው ካልተነሳ ወደ ግማሽ ይመልሱት። ሞተሩ ቤንዚን ጠጥቶ ከሆነ መክፈቻውን ዘግተው፣ ቾኩን አጥፍተው፣ ጋዙን እስከ መጨረሻ ይዘው ደጋግመው ይርገጡ፤ የበዛው ቤንዚን በማርሚታው ይወጣል። ካንዴላውንም ፈትተው ያድርቁት።

ቤንዚንም እሳትም ደህና ሆነው ካልተነሳ ኮምፕሬሽን ይለካል። በካንዴላው ቀዳዳ ላይ አውራ ጣት አጥብቀው ይዘው ሲረግጡ አየሩ ጣቱን ገፍቶ ማስለቀቅ አለበት። ግፊቱ ከደከመ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት በቀዳዳው ጨምረው እንደገና ይሞክሩ። ከበረታ ፋሻው አልቋል፤ ካልተለወጠ ጥርጣሬው ወደ ቫልቮቹ ይሄዳል። የቫልቭ ክፍተት ማስተካከል ቀላል ሥራ ነውና መጀመሪያ እሱን ያሠሩ። አንድ መካኒክ ካንዴላውን ሳይፈታ፣ ካርቡሬተሩን ሳያፈስ፣ ኮምፕሬሽኑን ሳይሞክር ሞተሩ ይከፈት ካለዎት ሌላ መካኒክ ይፈልጉ።

ሊገዙ ያሰቡም ሻጩ ሳያዘጋጅልዎ በማለዳ ይሂዱ። ከመነሳቱ በፊት የሞተሩን ብረት በእጅ ዳሰስ ያድርጉ፤ ለብ ካለ ቀድሞ ተነስቷል ማለት ነውና ሌላ ቀን ይቅጠሩት። በሊብሬው ላይ ያሉትን የሞተርና የሻንሲ ቁጥሮች ከብረቱ ጋር ያመሳክሩ። ቀዝቅዞ አድሮ በጥቂት ርግጫ የተነሳ፣ ሰማያዊ ጭስ የማያጨስ ሞተር ቀለሙ ቢለቅም ይገዛል። በብርድ ያልተነሳ ግን ምክንያቱ በካንዴላው ወይም በካርቡሬተሩ መሆኑ እዚያው ካልታየ በቀር አይግዙት።