ብጉር የሚመስለው ሮዜሺያ

በርበሬ የበዛበት ወጥ ሲበሉ ወይም ፀሐይ ላይ ሲቆዩ ፊትዎ ይግላል፣ ይለበልባል? ጉንጭዎና አፍንጫዎ ላይ ብጉር መሰል ሽፍታ እየጠፋ ይመለሳል? ችግሩ ሮዜሺያ የተባለ ሥር የሰደደ የፊት ቆዳ ሕመም ሊሆን ይችላል።

ሮዜሺያ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 ዓመት ዕድሜ በኋላ ይጀምራል። የቆዳ መከላከያ ሥርዓትና የደም ሥሮች ከልክ በላይ መቆጣት፣ ዴሞዴክስ የተባሉ በዓይን የማይታዩ ተባዮች መብዛትና የዘር ውርስ ድርሻ አላቸው። ሕመሙ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ከንጽሕና ጉድለትም አይመጣም።

ብዙዎች "የነጮች በሽታ" ያደርጉታል። ይህ ስህተት ነው። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ቅላቱ ጎልቶ ስለማይታይ ሕመሙ ሳይታወቅ ይቆያል። ስለዚህ ከቅላቱ ይልቅ ሙቀቱን፣ ማቃጠሉንና ሽፍታውን ልብ ማለት ይገባል። እንደ ብጉር ጥቁር ወይም ነጭ ጫፍ ያላቸው የተደፈኑ ቀዳዳዎች አይታዩበትም።

ትልቁ አደጋ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ የሚገዙ ወይም "ፊት ያቀላሉ" ተብለው የሚሸጡ፣ እንደ ቤታሜታዞንና ክሎቤታሶል ያሉ የስቴሮይድ ቅባቶች ናቸው። በመጀመሪያ ሽፍታውን ያጠፉ ይመስላሉ፤ ሲያቆሟቸው ግን ብሶ ይመለሳል። ተጠቃሚው ደግሞ ይቀባል፤ ቆዳው እየሳሳ ይሄዳል። ሮዜሺያ ያልነበረበት ሰው እንኳ በዚህ መንገድ ተመሳሳይ ሕመም ሊይዘው ይችላል። ለረጅም ጊዜ የተጠቀሙ ከሆነ አቋራረጡን ከቆዳ ሐኪም ጋር ይምከሩ።

ሕመሙን ጨርሶ የሚያድን መድኃኒት ባይኖርም መቆጣጠር ይቻላል። ሐኪሙ የሜትሮኒዳዞል፣ የአዜላይክ አሲድ ወይም የአይቨርሜክቲን ቅባት፣ ለጠነከረውም የዶክሲሳይክሊን እንክብል ሊያዝ ይችላል። ለውጡ ሳምንታት ስለሚፈጅ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ዓይንዎ ከቀላ ወይም አሸዋ የገባበት ያህል ከቆረቆረዎ ግን ሳይዘገዩ የዓይን ሐኪም ያማክሩ።

በቤትዎ ሕመሙን የሚቀሰቅስብዎትን ነገር እየመዘገቡ ይለዩ፤ ፀሐይ፣ አልኮል፣ ቅመም የበዛበት ምግብና ጭንቀት ዋናዎቹ ናቸው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ በቀዝቃዛ ቀንም ፀሐይዋ ኃይለኛ ነች። ባርኔጣና የመከላከል መጠኑ 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ቅባት አይለይዎት።

ቡናስ? እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ፣ ከ82 ሺሕ በላይ አሜሪካውያን ሴት ነርሶችን ያካተተ ጥናት፣ ቡና አዘውትረው የሚጠጡት በሮዜሺያ የመያዝ ዕድላቸው ዝቅ ያለ ሆኖ አግኝቶታል። ፊትን የሚያግለው በአብዛኛው ትኩሳቱ ነው። ስለዚህ ቡናዎን መተው አይጠበቅብዎትም፤ ለብ እስኪል መታገሥ ግን ይበጃል።