ኳሱ በሌለበት በኩል

ልጆች ለልምምድ ሲመጡ ድሮ መጀመሪያ የምጠይቃቸው «የት ቦታ ትጫወታለህ?» ብዬ ነበር። አሁን ጥያቄዬ ሌላ ሆኗል፤ «ኳሱ በዚያ በኩል ሲሆን አንተ የት ነህ?» እላቸዋለሁ።

ጥያቄዬን ያስቀየረኝ አንድ የ13 ዓመት ልጅ ነው። በግራ ተመላላሽ ቦታ ይጫወታል። እግሩ ፈጣን፣ የኳስ አያያዙ ንጹሕ ነው። የአርሴናል ደጋፊ ነው፤ ማን ከየት ክለብ በስንት እንደተዘዋወረ፣ ማን በጉዳት ስንት ሳምንት እንደሚርቅ ከእኔ በተሻለ ያውቃል። ነገር ግን በልምምድ ጨዋታ ላይ ኳሱ ወደ ቀኝ መስመር በሄደ ቁጥር ቀጥ ብሎ ይቆማል። እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ያያል። የተቃራኒ ቡድን የክንፍ ተጫዋች ከጀርባው ሾልኮ ሲያልፍ አያውቅም። በዚህ መንገድ ሁለት ጎል ከገባብን በኋላ ጠርቼ ጠየቅኩት።

«ቲቸር፣ ኳሱ እኮ እኔ ጋ አልነበረም» አለኝ።

ሰነፍ ልጅ አይደለም። መልሱን የሰጠኝም ለማምለጥ ብሎ ሳይሆን ከልቡ አምኖበት ነው። ያን ዕለት ማታ ስለ እሱ ሳስብ ነገሩ ገባኝ። ይህ ልጅ እግር ኳስን የተማረው በዲኤስቲቪ ቤት ነው። ቅዳሜ፣ እንግሊዞች ሰዓታቸውን እንደሚያዞሩበት ወቅት፣ አንዳንዴ 11 አንዳንዴ 12 ሰዓት ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግቶ ተቀምጦ ነው ኳስን ያወቀው። በዚያ የቴሌቪዥን መስኮት ውስጥ ደግሞ ኳሱ በቀኝ በኩል ሲሆን የግራ ተመላላሽ የሚባል ሰው የለም። ካሜራው ኳሱን ተከትሎ ሄዷል። ተመላላሹ ወደ መሐል እየጠበበ፣ መስመሩን እየጠበቀ፣ ጀርባውን እየተገላመጠ ሊሆን ይችላል፤ ልጁ ግን አንድም ቀን አላየውም። ያላየውን ከየት ያምጣው?

የእግር ኳስ ሜዳ በትልቁ ደረጃ 105 ሜትር በ68 ሜትር ነው። አንድ ተጫዋች በ90 ደቂቃ ውስጥ ኳሱ በእግሩ ሥር የሚቆየው ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ደቂቃ ያህል ነው። የቀረውን ሰማንያ ሰባት ደቂቃ ምን ሲያደርግ ይቆያል የሚለው ጥያቄ ነው የእኔ የሥራ ድርሻ። እኛ አሰልጣኞች የምንደክመው በአብዛኛው ቴሌቪዥን በማያሳየው ነገር ላይ ነው።

ቴሌቪዥኑን ልወቅስ አይደለም። የዛሬ ልጆች ኳስን በመጀመሪያ ንክኪ ማብረድን፣ ተጭኖ መጫወትን፣ ከበረኛ ጀምሮ መመሥረትን የሚያውቁት ከእሱ ነው። እኔ በእነሱ ዕድሜ ሳለሁ እነዚህን ቃላት እንኳን አልሰማሁም ነበር። የሚያሳስበኝ ልጆቹ ከመስኮቱ ውጭ ሌላ የሚያዩት ትልቅ ጨዋታ ማጣታቸው ነው። ይህን ሳነሳ ደግሞ ወልቂጤ ከተማን ሳላስታውስ ማለፍ አልችልም።

ወልቂጤ ከተማ እግር ኳስ ክለብ በ2011 ዓ.ም. ከከፍተኛ ሊግ ወደ ኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ሲያድግ እዚህ በጉራጌ ቸሃ ውስጥ የነበረውን ደስታ ያየ አይረሳውም። ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ 158 ኪሎ ሜትር ላይ ያለች ከተማችን ከቅዱስ ጊዮርጊስና ከኢትዮጵያ ቡና ጋር በአንድ ሰንጠረዥ ላይ ልትጻፍ ነው። ደጋፊው ቡድኑን «ሠራተኞቹ» ይለዋል፤ ጉራጌ ለሥራ ያለውን ክብር ለሚያውቅ ስሙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የመጀመሪያው የ2012 የውድድር ዘመን በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት መሐል ላይ ተቋርጦ ተሰረዘ፤ ሻምፒዮንም ወራጅም አልነበረም። በ2013 ሊጉ በዲኤስቲቪ መተላለፍ ሲጀምር ውድድሩ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ እንዲካሄድ ተደረገ። በዚያ ዓመት አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ አስተናገዱ። በቀጣዮቹ ዓመታትም እንደ አዳማ ያሉ ከተሞች ተጨመሩ። ወልቂጤ ግን ከአስተናጋጆቹ አንዷ አልነበረችም።

ምክንያቱን እረዳለሁ። መጀመሪያ ወረርሽኙ ነበር፤ ከዚያም ለካሜራ የሚበቃ ሜዳ፣ መብራትና ማረፊያ በየከተማው አልነበረም። ክለቦቹም ከሥርጭቱ ገቢ አግኝተዋል። ይሁን እንጂ ለእኛ ምን ሆነ? ከ2013 ጀምሮ ክለባችን በፕሪሚየር ሊጉ ውስጥ ሳለ ልጆቻችን ያዩት በዚያው በዲኤስቲቪ ቤት፣ በዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ሆነው ነው። ቅዳሜ አርሴናልን ባዩበት ስክሪን በሌላው ቀን ወልቂጤን አዩ። የራሳቸው ከተማ ቡድን ከለንደን ቡድን እኩል ራቀባቸው። ጥቂት ደጋፊዎች ገንዘብ አዋጥተው፣ አውቶቡስ ተኮናትረው እስከ አዳማና ሐዋሳ ይሄዱ ነበር፤ ሁልጊዜም አከብራቸዋለሁ። ድሬዳዋ ግን ከአዲስ አበባ ብቻ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የ13 ዓመት ልጅ ማን ይዞት ይሄዳል? በ2017 የውድድር ዘመን የወልቂጤ ስም በሊጉ ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። ስለ ክለቡ አስተዳደር ብዙ ተብሏል፤ እሱን ለሌሎች ልተወው። እኔን የሚቆጨኝ እነዚያ ዓመታት አንድም ልጅ በከተማው ሜዳ ዳር ተቀምጦ ሠራተኞቹን ሳያይ ማለፋቸው ነው።

ከእንግሊዞቹ ክለቦች ስለ አርሴናል ወይም ስለ ማንቸስተር ሳይሆን ስለ ሉተን ታውን ለልጆቹ አወራላቸዋለሁ። ሉተን ከለንደን በስተሰሜን ያለች ከተማ ናት፤ ባርኔጣ በመስፋት ስለምትታወቅ ክለቡም «ባርኔጣ ሰሪዎቹ» ይባላል። ሠራተኞቹና ባርኔጣ ሰሪዎቹ፤ ሁለቱም በእጅ ሥራቸው የተጠሩ ናቸው። ሉተን እስከ አምስተኛው እርከን ወርዶ በ2014 እ.ኤ.አ. ወደ አራተኛው እርከን ተመለሰ፤ ከዚያም እየተንፏቀቀ በ2023 እ.ኤ.አ. ኮቨንትሪን በዌምብሌይ በመለያ ምት አሸንፎ ፕሪሚየር ሊግ ገባ። ፔሊ ሩዶክ ምፓንዙ የሚባል አማካይ ከአምስተኛው እርከን ጀምሮ እስከ ላይኛው በዚያው ማሊያ ተጫውቷል።

ሜዳቸው ኬኒልዎርዝ ሮድ 12 ሺህ ሰው ያህል ብቻ ነው የሚይዘው። የእንግዶቹ ደጋፊዎች መግቢያ በመኖሪያ ቤቶች መካከል ስለሆነ ደረጃውን ሲወጡ የሰው ጓሮ ይታያቸዋል። ሊጉ ግን ውጡና ሌላ ከተማ ተጫወቱ አላላቸውም፤ መቀመጫውንና የካሜራውን ቦታ አስተካክላችሁ እዚያው ተጫወቱ አላቸው። የመጀመሪያውን የሜዳ ጨዋታ ለዝግጅት ብለው ማራዘም ግድ ሆኖባቸዋል። በመጨረሻ 26 ነጥብ ይዘው 18ኛ ሆነው ወረዱ። በሰንጠረዥ ካየነው የከሸፈ ዓመት ነው። ነገር ግን በ38 ጨዋታ ውስጥ 19ኙ በከተማቸው ነበር። የሉተን ልጅ ያንን ሁሉ ታላቅ ተጫዋች በቤቱ አጠገብ፣ ሙሉ ሜዳውን በዓይኑ እየቃኘ አይቷል። እኔ እንደ አሰልጣኝ ያን ዓመት ከሽፏል ልል አልችልም።

ወደ ልጁ ልመለስ። ነገሩ ከገባኝ በኋላ አንድ ቅዳሜ የማሰለጥናቸውን 14 ልጆች ይዤ ወልቂጤ ሄድኩ። በዞን ደረጃ የሚካሄድ ተራ ጨዋታ ነበር፤ ተመልካቹም ብዙ አይደለም። ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ተጫዋች አከፋፈልኳቸው። ትእዛዜ አንድ ነው፤ «የመጀመሪያውን አጋማሽ ሙሉ እሱን ብቻ እዩ። ኳሱን እንዳታዩ። ጎል ቢገባም እንዳታዩ።» የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ለልጆቹ ከባድ ነበሩ፤ ጩኸት በተሰማ ቁጥር ሁሉም አንገታቸውን ያዞራሉ። ቀስ እያሉ ግን ረጉ። ለዕረፍት ሲወጡ የግራ ተመላላሹን የተሰጠው ያ ልጅ እየሮጠ መጣ።

«ቲቸር፣ አንዴም አልቆመም እኮ! ኳሱ ራቅ ሲል ወደ መሐል ይገባል፤ ሲመለስ ይመለሳል። ደግሞ ሙሉውን ሰዓት ያወራል።»

ይህን የመጨረሻውን እኔም አላሰብኩትም ነበር። ተጫዋቾች ሜዳ ላይ ይነጋገራሉ። «ተው»፣ «ሰው አለ»፣ «ዙር»፣ «ያዝልኝ» ይባባላሉ። በቴሌቪዥን የሚሰማው የተንታኙና የደጋፊው ድምፅ ስለሆነ ልጆቹ ኳስ በዝምታ የሚጫወቱት ነገር መስሏቸው ኖሯል። የእኔም ቡድን ዝም ያለ ቡድን ነበር፤ ምክንያቱን ዓይናፋርነት አድርጌው ነበር። በቀጣዩ ልምምዳችን ልጆቹ መጮህ ጀመሩ። አንዳንዱ ጩኸት ቦታውን የሳተ ነበር፤ እኔ ግን አላረምኩም፤ ደስ አለኝ። ያ ልጅ አሁንም አልፎ አልፎ ይቆማል፤ ሆኖም ራሱ ነቅቶ ወደ መሐል ሲጠብ አየዋለሁ።

ሌላም ያስተዋልኩት ነገር አለ። ከገጠር ቀበሌ የሚመጡት ልጆች ከከተማዎቹ ይልቅ ኳስ በሌለበት በኩል ይንቀሳቀሳሉ። ብዙ ጊዜ አሰብኩበትና ምክንያቱ ጀፎረ ይመስለኛል። ጀፎረ በቤቶች መካከል የሚዘረጋ፣ ሰፊና ሣር የለበሰ የጉራጌ መንደር ጎዳና ነው። ማንም ቆርሶ አጥር አይሠራበትም፤ የጋራ ነው። ሠርግም ልቅሶም ሽምግልናም የሚካሄደው እዚያ ነው። ከብት ይግጥበታል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ልጆች ሁለት የባሕር ዛፍ እንጨት ተክለው ጎል ያደርጉበታል። ኳሱ ከወጣ እንሰት ውስጥ ይገባል፤ የእንሰቱን ቅጠል የሰበረ ከባለቤቱ ይገሠጻል። በዚያ ሜዳ ታናናሾቹ ተራቸውን የሚጠብቁት ዳር ላይ ተቀምጠው ነው። ታላላቆቻቸው ሲጫወቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያያሉ፤ ድምፃቸውንም ይሰማሉ። እኔ 14 ልጆች በመኪና ጭኜ ሄጄ ያሳየሁትን እነዚህ በየደጃፋቸው ሲያዩት አድገዋል።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምናለሁ። ለመስቀል ከአዲስ አበባም ከየአገሩም ወደ ቸሃ የምትገቡ ወገኖቼ፣ ለልጆቻችን የምታመጡትን የአርሴናሎቹን የሳካንና የኦዴጋርድን ማሊያ ልጆቹ ይወዱታል፤ እግዜር ይስጥልን። ከማሊያው ጋር ግን ኳስና ሁለት መረብ ጨምሩልን። ከክትፎው በኋላ የሠፈሩን ወጣቶች ሁለት ቡድን አድርጋችሁ ጀፎረው ላይ አጫውቱ፤ ልጆቹን ዳር አስቀምጣችሁ ለእያንዳንዳቸው የሚያዩት አንድ ተጫዋች ስጧቸው። ወልቂጤ ላይ ሜዳና ክለብ የማስተዳደር ኃላፊነት ያለባችሁም፣ ክለቡ በየትኛውም እርከን ይሁን፣ በከተማው ውስጥ በዓመት ጥቂት ጨዋታ የሚያደርግበትን መንገድ ፈልጉልን። ልጆቹን እኔ አመጣቸዋለሁ።

እኛ ማክሰኞና ሐሙስ ከ10 ሰዓት ጀምሮ ልምምድ ላይ ነን።