በወላይታ ዞን በቀዬ መቆየት፡ ምክንያቶቹና ትርጉሙ

ስለ ፍልሰት ሲነሳ በአብዛኛው የሚቀርበው ጥያቄ ሰዎች ለምን ይሄዳሉ የሚል ነው። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ግምት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2024 ከትውልድ አገራቸው ውጭ የሚኖሩ ሰዎች ቁጥር 304 ሚሊዮን ሲሆን፣ ይህም ከዓለም ሕዝብ 3.7 በመቶ ያህል ነው። ከመቶ ሰዎች መካከል ከዘጠና ስድስት የማያንሱት በአገራቸው ይኖራሉ ማለት ነው። ስለዚህ ሰዎች ለምን ይቆያሉ የሚለው ጥያቄም ተመሳሳይ ትኩረት ያስፈልገዋል።

የወላይታ ዞን ለዚህ ጥያቄ ተስማሚ ማሳያ ነው። ዞኑ በአገሪቱ የሕዝብ ጥግግት እጅግ ከፍተኛ ከሆነባቸው አካባቢዎች አንዱ ሲሆን፣ የበርካታ አርሶ አደሮች የእርሻ ይዞታ ከግማሽ ሄክታር በታች ነው። ከቀዬ ወጥቶ ሥራ መፈለግም ለአካባቢው አዲስ አይደለም። የወላይታ ተወላጆች በወንጂ የሸንኮራ አገዳ ልማትና በአዋሽ ሸለቆ እርሻዎች ለረጅም ዓመታት ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1970 የተጀመረው የወላይታ የግብርና ልማት ፕሮጀክትም ከደጋው የተውጣጡ አባወራዎችን በአበላ ቆላማ አካባቢ አስፍሯል። በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች በጫማ ማስዋብና በቀን ሥራ ሕይወታቸውን የሚመሩ የአካባቢው ወጣቶችም ጥቂት አይደሉም። ይህ ሁሉ እያለ አብዛኛው ነዋሪ በቀዬው ይኖራል።

የፍልሰት ተመራማሪዎች በቀዬ የሚቆዩ ሰዎችን በሦስት ይከፍሏቸዋል። የመጀመሪያዎቹ መሄድ እየቻሉ መቆየትን የመረጡ ናቸው። ሁለተኛዎቹ መሄድ የሚፈልጉ ነገር ግን አቅም ያጡ ሲሆኑ፣ ዮርገን ካርሊንግ የተባለው ኖርዌያዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2002 በኬፕ ቨርዴ ላይ ባቀረበው ጥናት ይህን ሁኔታ ያለ ፈቃድ መቆየት ብሎታል። ሦስተኛዎቹ አቅምም ባይኖራቸው የመሄድ ፍላጎት ያላደረባቸው ናቸው። ሦስቱም በአንድ ቀበሌ፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት ውስጥ ሊገኙ ይችላሉ።

በፈቃድ ለመቆየት ከሚጠቀሱ ምክንያቶች ቀዳሚው መሬት ነው። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ስለሆነም የሚሄድ አርሶ አደር ይዞታውን ወደ ገንዘብ ለውጦ ሊጓዝ አይችልም፤ በሕጉ በተፈቀደው መንገድ ያከራያል ወይም ለቤተሰቡ አደራ ይሰጣል። የእንሰት እርሻ ባሕርይም የራሱ ድርሻ አለው። እንሰት ለምግብ እስኪደርስ በርካታ ዓመታት የሚፈልግ ሲሆን፣ በመኖሪያ ቤት ዙሪያ ተተክሎ የከብት ፍግ ይቀርብለታል። በጓሮው ዕድሜያቸው የተለያየ ተክሎች ጎን ለጎን ስለሚያድጉ፣ የሚተክል፣ የሚያዛውርና የሚንከባከብ ሰው በየዓመቱ ያስፈልጋል። ፍቆ ቆጮ ማድረጉም በዋናነት የሴቶች ሥራ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ማኅበራዊ ትስስር ነው። በአገራችን አረጋውያን በአብዛኛው የሚጦሩት በልጆቻቸው በመሆኑ፣ ከወንድማማቾችና እኅትማማቾች አንዱ ወይም አንዷ ከወላጅ ጋር መቅረት ይኖርባቸዋል። ዕድርና ዕቁብም ጥቅም የሚሰጡት በመዋጮና በመገኘት ነው። በችግር ቀን ጎረቤት የሚደርሰው ለዓመታት አብሮ ለኖረ ሰው ነው።

ሦስተኛው በቅርብ የሚገኝ ዕድል ነው። የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በርካታ የአካባቢው ወጣቶች ከቤተሰባቸው ሳይርቁ ከፍተኛ ትምህርት የመማር ዕድል አግኝተዋል። በሶዶ ከተማ ያለው ንግድ፣ ግንባታና ትራንስፖርትም ከገጠር ቀበሌ እየተመላለሱ መሥራት ለሚፈልጉ በር ከፍቷል።

መቆየት ሁልጊዜ ምርጫ አለመሆኑም መዘንጋት የለበትም። ለጉዞ የሚሆን ገንዘብ በማጣት ብቻ የቀረ ወጣት፣ ደላላ በዱቤ እንደሚያሻግረው ሲነግረው ሊነሳ ይችላል። የሚጠብቀው አደጋ ደግሞ ከባድ ነው። ወደ ደቡብ አፍሪካ በሚወስደው ሕገ ወጥ መስመር በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት በኮንቴይነር ውስጥ የ64 ሰዎች አስከሬን ተገኝቷል፤ ሟቾቹ ኢትዮጵያውያን እንደሆኑ በወቅቱ ተገልጿል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በማላዊ ምዚምባ የኢትዮጵያውያን ናቸው የተባሉ አስከሬኖች የያዘ የጅምላ መቃብር ተገኝቷል። እንዲህ ላለው ወጣት የአደጋውን አስከፊነት መንገር አስፈላጊ ቢሆንም ብቻውን በቂ አይሆንም። የሥራ ቦታ፣ የብድር አቅርቦትና ክህሎት ካላገኘ መቆየቱ ከመጠበቅ አያልፍም።

በሌላ በኩል የሚሄደውና የሚቆየው የአንድ ቤተሰብ ሁለት ክንዶች ናቸው። ከተማ ወይም ውጭ አገር ያለው ገንዘብ ሲልክ፣ የቀረው መሬቱን፣ ከብቱንና ወላጆችን ይጠብቃል። በየዓመቱ በመስከረም በሚከበረው የጊፋታ በዓል ርቀው የሚኖሩ በርካታ ተወላጆች ወደ ቀያቸው የሚመለሱት፣ ቤቱን ይዞ የሚጠብቃቸው ሰው ስላለ ነው። በመሆኑም የቀረውን ሰው ዕድል እንደጎደለው ብቻ መመልከት የሥራውን ዋጋ ማሳነስ ይሆናል።

የመዘዋወር፣ የመኖሪያ ቦታን የመምረጥና ከአገር የመውጣት ነፃነት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 የተረጋገጠ መብት ነው። በሰው የመነገድና ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር የማሻገር ወንጀል ግን በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 ያስቀጣል። ወደ ውጭ አገር ለሥራ ለመሄድ የሚፈልጉ ዜጎች የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008ን እና ማሻሻያውን ማወቅ ይጠቅማቸዋል። በአዋጁ መሠረት የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርትና የሥራ ፈቃድ ወጪዎችን የሚሸፍነው አሠሪው በመሆኑ፣ ለእነዚህ ወጪዎች ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ሲያጋጥም ለፖሊስ ወይም በአቅራቢያ ለሚገኝ የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ይገባል። በቀያቸው ሠርተው መለወጥ የሚሹም በየአካባቢያቸው በሚገኙ የአንድ ማዕከል አገልግሎት መስጫ ጣቢያዎች ተመዝግበው ስለ ሥልጠና፣ ስለ ብድርና ስለ መሥሪያ ቦታ መረጃ መጠየቅ ይችላሉ።