ከቀዶ ጥገና አልጋ ወደ ላሊበላ፦ ስለ ጡት፣ ስለ ቁስልና ስለ ከፍታ

በጡቷ ውስጥ የሲሊኮን ከረጢት ያላት ሴት በአውሮፕላን ብትሳፈር ከረጢቱ ይፈነዳ ይሆን? ስለ ጋዞች ሕግ በሚሰጥ ትምህርት መካከል ይህ ጥያቄ ከኋላ ወንበር፣ አብዛኛውን ጊዜም በሣቅ ታጅቦ፣ ይሰነዘራል። ሣቁን ወደ ጎን ትተን ጥያቄውን በቁም ነገር ብንይዘው ግን ከግፊት አልፎ ስለ ኦክስጅን፣ ስለ ውጥረትና ስለ ቁስል መጠገግ ብዙ የሚያስተምር ሆኖ እናገኘዋለን።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። በዋሽንግተን የምትኖር አንዲት እኅታችን ጡትን ለማተለቅ የሚደረገውን ቀዶ ጥገና፣ ወይም በካንሰር ምክንያት የተቆረጠን ጡት መልሶ ለመገንባት የሚደረገውን፣ በኅዳር ወር መጨረሻ አደረገች እንበል። ታኅሣሥ 29 ቀን ደግሞ የልደትን በዓል በላሊበላ ለማክበር ስለት አለባት። ረጅም በረራ፣ ከፍታ፣ የሌሊት ብርድ፣ ከአለት የተፈለፈለ ደረጃ፣ ጾምና የሰው ግፊያ ይጠብቋታል። ሰውነቷ በዚህ ሁሉ መካከል ቁስሉን እየጠገነ ነው። መቼ መጓዝ እንደምትችል የሚወስነው ሐኪሟ ነው። የዚህ ጽሑፍ ድርሻ የሐኪሙ ምክር በየትኛው የተፈጥሮ ሕግ ላይ እንደቆመ ማሳየት ብቻ ነው።

ግፊት

እ.ኤ.አ. በ1962 በአሜሪካ፣ በሂውስተን ከተማ፣ ቶማስ ክሮኒንና ፍራንክ ጌሮው የተባሉ ሐኪሞች የመጀመሪያውን የሲሊኮን ከረጢት በሴት ጡት ውስጥ አኖሩ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ አሠራሩ ብዙ ቢሻሻልም መሠረቱ ያው ነው፤ ከሲሊኮን ጎማ የተሠራ ስስ ቅርፊት፣ ውስጡም በዝልግልግ ሲሊኮን ወይም በጨው ውኃ የተሞላ። ፈሳሽም ሆነ ዝልግልግ ነገር የአየር ግፊት በመቀነሱ ብቻ ይዘቱን ይለውጣል ለማለት አይቻልም። በቀላሉ የሚሰፋው ጋዝ ነው።

አሁን ቁጥሮቹን እንያቸው። አውሮፕላን በ11 ወይም በ12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ቢበርም በመንገደኞች ክፍል ውስጥ ያለው ግፊት ከ1800 እስከ 2400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር እንዲመጣጠን ይደረጋል። የላሊበላ ከተማ ደግሞ በግምት በ2500 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። እንግዲህ የላሊበላ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሚኖረው በበረራ ላይ ባለ አውሮፕላን ግፊት ውስጥ ነው ማለት ነው! ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 መጠቀም የጀመረው ቦይንግ 787 የክፍሉን ግፊት ከ1800 ሜትር ገደማ ጋር አመጣጥኖ ስለሚይዝ፣ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በቦሌ ሲያርፍ የክፍሉ ግፊት ይቀንሳል። በባሕር ጠረፍ ከተሞች ሲያርፍ የሚሆነው ተቃራኒው ነው።

በባሕር ወለል 101 ኪሎ ፓስካል የሆነው የአየር ግፊት በላሊበላ ወደ 75 ገደማ ይወርዳል። በቦይል ሕግ መሠረት አንድ ሚሊ ሊትር አየር ወደ 1.35 ሚሊ ሊትር ያድጋል። በዝልግልጉ ውስጥ ጥቃቅን የአየር አረፋ ቢኖር እንኳ 300 ሚሊ ሊትር ከሚይዝ፣ እንደ ጎማም ከሚለጠጥ ከረጢት አንጻር ይህ ኢምንት ነው። በቀዶ ጥገናው ጊዜ በከረጢቱ ዙሪያ የቀረ ጥቂት አየር ቢኖርም ሰውነት ቀስ በቀስ ይመጠዋል። ከረጢቱ አይፈነዳም። የኋላ ወንበር ጥያቄ በዚህ ተመለሰ።

ኦክስጅንና ሙቀት

ከፍታ በከረጢቱ ላይ ሳይሆን በቁስሉ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ግን ሊጤን ይገባዋል። የምንተነፍሰው አየር በጉሮሯችን አልፎ በውኃ ተን ከረጠበ በኋላ የኦክስጅኑ ከፊል ግፊት በባሕር ወለል 150 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ነው። በላሊበላ ከፍታ 108 ገደማ ነው። ከሩብ በላይ ጎደለ ማለት ነው።

ቁስል ኦክስጅንን በሁለት መንገድ ይፈልጋል። አንደኛ፣ ነጭ የደም ሕዋሳት ባክቴሪያን የሚገድሉበትን ኬሚካል የሚሠሩት ከኦክስጅን ነው። ሁለተኛ፣ የቁስሉን ሁለት ከንፈሮች የሚያያይዘው ኮላጅን የተባለው ፕሮቲን ጠንካራ ገመድ ሆኖ እንዲገመድ ኦክስጅን፣ ቫይታሚን ሲና ብረት ያስፈልጉታል። በተቆረጠው ሥፍራ ጥቃቅን የደም ሥሮች ስለተቋረጡ ኦክስጅኑ የመጨረሻዋን ርቀት በሥርጸት ብቻ መጓዝ አለበት። የሥርጸት ሕግ ደግሞ ርኅራኄ የለውም፤ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር የሚፈጀው ጊዜ አራት እጥፍ ይሆናል።

ይህ ማለት ግን በላስታ ቁስል አይድንም ማለት አይደለም። የደጋ ሰው ሲቆስልና ሲድን ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2002 ሲንቲያ ቢል የተባሉት አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ተራሮች፣ በ3530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው ያገኙት ውጤት የሳይንሱን ዓለም አስደንቋል። የሰዎቹ ሄሞግሎቢን በኦክስጅን የተሞላው በአማካይ 95.3 በመቶ ሲሆን፣ የሄሞግሎቢናቸው መጠንም በቆላ ከሚኖር ሰው የተለየ አልነበረም። የአንዲስ ተራሮች ሰዎች ደማቸውን በማወፈር፣ የቲቤት ሰዎች ደግሞ በዝቅተኛ የኦክስጅን ሙሌት በመኖር የተወጡትን ችግር የእኛ ደገኞች በሌላ መንገድ ተወጥተውታል።

በባሕር ወለል ለዓመታት የኖረችው እኅታችን ግን፣ የወላጆቿ አገር ላስታ ቢሆንም፣ ለመላመድ ቀናት ያስፈልጓታል። ጤናማ ከሆነች ትንፋሿና የልብ ምቷ በመፍጠን ጉድለቱን በአብዛኛው ያካክሱታል። የደም ማነስ ካለባት ወይም ሲጋራ የምታጨስ ከሆነች ነገሩ ይለወጣል። ኒኮቲን የደም ሥሮችን ያጠብባል፤ የጭሱ ካርቦን ሞኖክሳይድም በሄሞግሎቢኑ ላይ የኦክስጅንን ወንበር ይይዛል። ከ3000 ሜትር በላይ ወዳለችው ወደ አሸተን ማርያም መውጣት፣ ይልቁንም ወደ 4260 ሜትሩ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ መሄድ፣ ለሌላ ዓመት ቢቆይ ይሻላል።

ብዙዎች የሚዘነጉት ብርድን ነው። ሰውነት ሲበርደው ሙቀቱን ለማዳን የቆዳ ደም ሥሮቹን ያጠብባል፤ በዚህም ወደ ቁስሉ የሚሄደውን ኦክስጅን አብሮ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ አንድ ጥናት የአንጀት ቀዶ ጥገና ከተደረገላቸው 200 ሕሙማን መካከል በቀዶ ጥገናው ጊዜ ሰውነታቸው እንዲሞቅ የተደረጉት 6 በመቶ፣ በሁለት ዲግሪ ያህል የቀዘቀዙት ግን 19 በመቶ ቁስላቸው እንደመረቀዘ አሳይቷል። የአንጀት ቁስል የጡት ቁስል አይደለም፤ የደም ሥሩ ጠባይ ግን አንድ ነው። በታኅሣሥ ሌሊት በላሊበላ አለት ላይ መቆም ምን እንደሚመስል የቆመበት ያውቀዋል። ጋቢ እዚህ ላይ ጌጥ አይደለም። በአራቱ ንብርብሮቹ መካከል አየርን አስሮ ስለሚይዝ ሙቀት እንዳያልፍ የሚከላከለው ከክሩ ይልቅ የታሰረው አየር ነው።

ውጥረትና ጊዜ

ፊኛ የነፋ ሁሉ የላፕላስን ሕግ በጣቶቹ ያውቀዋል። በአንድ ዓይነት ውስጣዊ ግፊት የክቡ ሬዲየስ በእጥፍ ሲያድግ በግድግዳው ላይ ያለው ውጥረትም በእጥፍ ያድጋል። ትልቅ ከረጢት የመረጠች ሴት በቆዳዋና በስፌቷ ላይ የሚያርፈው ውጥረትም ትልቅ የሚሆነው ለዚህ ነው። 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ከረጢት 290 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ሁለቱ ከግማሽ ኪሎ ይበልጣሉ። ደረጃ ስትወርድ እግሯ መሬት በረገጠ ቁጥር ይህ ክብደት ለቅጽበት ወደ እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። ሐኪሞች ለሳምንታት ቀንና ሌሊት እንዲለበስ የሚያዙት ደጋፊ ጡት መያዣ ይህን ጉልበት ከስፌቱ ላይ ይቀበላል።

የስፌቱስ ጥንካሬ? በእንስሳት ላይ በተደረጉ ልኬቶች መሠረት የተሰፋ ቁስል በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ ያለው ጥንካሬ ከጤናማ ቆዳ 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ሩብ ያህል ይደርሳል፤ በሦስት ወር 80 በመቶ ገደማ ይሆንና ከዚያ በላይ ብዙም አይሄድም። ሕመሙ ግን በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ አብዛኛው ይጠፋል። አሳሳቹ ነገር እዚህ ላይ ነው። ሕመም የሚለካው የነርቭን ስሜት እንጂ የኮላጅንን ጥንካሬ አይደለም። እኅታችን በሦስተኛው ሳምንት «ድኛለሁ» ብላ ሻንጣዋን ከራሷ በላይ ስታነሣ፣ ወይም ዘመድ ቤት ገብታ 20 ሊትር ውኃ የያዘ ጀሪካን ላግዝ ስትል፣ ከሩብ ጥንካሬው ጋር እየተከራከረች ነው። ከረጢቱ ከደረት ጡንቻ ሥር ከተቀመጠ ደግሞ ክንድ በተነሣ ቁጥር ጡንቻው ይጫነዋል። አራት ወይም ስድስት ሳምንት ከባድ ነገር አለማንሳት የሚባለው ከዚህ ነው። በዓሉ በዚያ ዘመን ውስጥ ይወድቃል። በቤተ ማርያም ዙሪያ «ቤዛ ኩሉ» ሲዘመር ከሕዝቡ መካከል ከመጋፋት ይልቅ ዳር ይዞ ማየት ለደረቷ ይመረጣል።

ሰውነት ለባዕድ ነገር ያለው ምላሽም በዚሁ ጊዜ ይጀምራል። በከረጢቱ ዙሪያ የኮላጅን ሽፋን ይሠራል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። በአንዳንድ ሴቶች ግን ሽፋኑ ይኮማተራል። ለአንድ የተወሰነ ይዘት ከቅርጾች ሁሉ ትንሹ የገጽታ ስፋት ያለው ሉል በመሆኑ የተጨመቀው ከረጢት እየከበበና እየጠጠረ ይሄዳል። ጡቱ ድንገት ኳስ መሰለ የሚባለው ምልክት ሒሳቡ ይኸው ነው።

ስለ በረራው አንድ ነገር ልጨምር። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ 13 ሰዓት ያህል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ ያደረገው ጥናት ከ4 ሰዓት በላይ ተቀምጦ መጓዝ በደም ሥር ውስጥ የደም መርጋትን ዕድል በእጥፍ ያህል እንደሚጨምር አመልክቷል። ቀዶ ጥገና ራሱ ደምን ለመርጋት የሚያዘነብል ስለሆነ ሁለቱ ሲደመሩ ጉዳዩ ከባድ ይሆናል። አንድ እግር ብቻ ቢያብጥና ቢያም፣ ወይም ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር ቢመጣ፣ «ከፍታው ነው» ብሎ ማለፍ አደገኛ ነው።

ምግብን በተመለከተ፣ ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 ጀምሮ ስለሚጾም ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የሉም። ኮላጅን የሚሠራው ከፕሮቲን ነው። ምስር፣ ሽሮና ክክ በበቂ መጠን ከተበሉ ፕሮቲን ይሰጣሉ፤ ቃሪያና ብርቱካን ቫይታሚን ሲን ይሰጣሉ። ጉዳቱ የሚመጣው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ ከመዋልና ውኃ ካለመጠጣት ነው። ለታመመ ሰው የንስሐ አባት ፈቃድ እንዳለ ደግሞ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም።

ምሥጢሩ

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግፊትም ኦክስጅንም አይደለም። ዝምታ ነው። ይህን ቀዶ ጥገና ያደረገች ሴት ከእናቷ ሳይቀር ልትደብቀው ትችላለች፤ መብቷ ነው። ነገር ግን በላሊበላ ሳለች ትኩሳት ቢይዛት፣ አንዱ ጡት ከሌላው ይልቅ ቢያብጥ፣ ቢቀላ ወይም መግል ቢወጣ፣ የሚመረምራት ባለሙያ ከረጢት መኖሩን ካላወቀ የተሳሳተ መንገድ ይይዛል። ወደ ትልቅ ሆስፒታል ለመድረስ በጋሸና በኩል ወደ ወልድያ፣ ምናልባትም ወደ ደሴ መሄድ ያስፈልግ ይሆናል፤ ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአካባቢው የደረሰው ጦርነት ደግሞ የጤና ተቋማትን ክፉኛ ጎድቷል። የባከነ ሰዓት ውድ ነው።

አልትራሳውንድን ለምሳሌ እንውሰድ። መሣሪያው ርቀትን የሚያሰላው ድምፅ በሥጋ ውስጥ በሴኮንድ 1540 ሜትር ይጓዛል ብሎ በማሰብ ነው። በሲሊኮን ውስጥ ግን ድምፅ የሚጓዘው በሴኮንድ 1000 ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ 3 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ከረጢት በመስታወቱ ላይ 4.6 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ይታያል፤ ከኋላው ያለው የደረት ግድግዳም ከቦታው ወደ ኋላ የተገፋ ይመስላል። ከረጢት መኖሩን የሚያውቅ ባለሙያ ይህን ወዲያው ይረዳዋል። የማያውቅ ግን ፈሳሽ የሞላበት እብጠት አየሁ ብሎ መርፌ ሊያስገባ ይችላል፤ መርፌውም ከፍታው ያላፈነዳውን ከረጢት ይበሳዋል። የአምራቹ ስም፣ የከረጢቱ መጠንና መለያ ቁጥር የተጻፈበት ካርድ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ለታካሚዋ ይሰጣል። ካርዱ ከፓስፖርቱ ጋር ቢያዝ፣ አስፈላጊ በሆነ ጊዜም ለሐኪም ብቻ ቢታይ፣ ምሥጢሩ እንደተጠበቀ ይቆያል።