የቤት ንብረት ጉዳት ሲደርስ ተገቢውን የመድን ካሳ ለማግኘት መታወቅ ያለባቸው ነጥቦች

የኢሉ አባቦር ዞን ዋና ከተማ መቱና እንደ ጎሬ ያሉ አጎራባች ከተሞች በሀገራችን ከፍተኛ ዝናብ ከሚያገኙ አካባቢዎች መካከል ናቸው። በእነዚህ ከተሞች ከእንጨትና ከጭቃ ተሠርተው ቆርቆሮ የለበሱ መኖሪያ ቤቶች በብዛት ስለሚገኙ፣ እሳት፣ መብረቅ፣ ነፋስና ጎርፍ ከባድ ጉዳት ሊያደርሱ ይችላሉ። ቤት ለብዙ ቤተሰብ የዕድሜ ልክ ጥሪት ነው። ይሁን እንጂ የመድን ዋስትና መግባት ብቻውን ተገቢውን ካሳ አያስገኝም፤ መድን ገቢው መብቱንና ግዴታውን አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል።

የውሉ ሽፋን

የመድን ውል የሚመራው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግ ከአንቀጽ 654 ጀምሮ በተደነገገው መሠረት ነው። በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 1243 ቢወጣም፣ የቀድሞው ሕግ የመድን ድንጋጌዎች አሁንም ሥራ ላይ ናቸው። ውሉ በጽሑፍ መደረግ አለበት፤ መድን ሰጪውም ተጠያቂ የሚሆነው በውሉ ለተዘረዘሩት አደጋዎች ነው።

በተለምዶ መሠረታዊው የቤት ዋስትና እሳትንና መብረቅን የሚሸፍን ሲሆን፣ ነፋስ፣ ጎርፍና ስርቆት ተጨማሪ ዓረቦን ተከፍሎባቸው የሚካተቱ ናቸው። ስለዚህ ቆርቆሮው በነፋስ የተገነጠለበት ሰው ካሳ የማግኘቱ ጉዳይ የሚወሰነው ውሉን ሲፈርም በመረጠው ሽፋን ነው። የውል ሰነዶች አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ የሚዘጋጁ በመሆናቸው፣ መድን ገቢው የሽፋኑን፣ የማይሸፈኑ አደጋዎችንና የራሱን ተቀናሽ ድርሻ ዝርዝር በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ እንዲብራራለት ከመፈረሙ በፊት መጠየቅ ይገባዋል።

ብዙዎች ጉዳቱ በራሳቸው ቸልተኝነት፣ ለምሳሌ ሳይጠፋ በቀረ የከሰል ምድጃ ምክንያት ከደረሰ፣ ካሳ እንደማያገኙ በማሰብ እውነቱን ይሸሽጋሉ። ሕጉ ግን ዋስትናውን የሚያስቀረው ጉዳቱ ሆን ተብሎ ሲፈጸም እንጂ በቸልተኝነት ስለደረሰ ብቻ አይደለም። በአንጻሩ ሐሰተኛ መግለጫ መስጠት መብትን ሊያሳጣ ይችላል።

የንብረቱ ዋጋ

በንግድ ሕጉ አንቀጽ 678 መሠረት የንብረት መድን የካሳ ውል ነው፤ ካሳውም ንብረቱ ጉዳቱ በደረሰበት ቀን ከነበረው ዋጋ ሊበልጥ አይችልም። ከዚህ የሚከተሉት ነጥቦች ይመነጫሉ።

አንደኛ፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ የመድኑ መነሻ የግንባታው ዋጋ እንጂ ቦታውን ጨምሮ ቤቱ በገበያ የሚያወጣው ዋጋ አይደለም። ሁለተኛ፣ መቱ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለምትርቅ ከዚያ የሚመጡ የግንባታ ዕቃዎች የማጓጓዣ ወጪ በግምቱ ውስጥ መታሰብ አለበት። ሦስተኛ፣ ገምጋሚው የእርጅና ተቀናሽ ሊያሰላ ስለሚችል ጣሪያ የተቀየረበት ወይም ግድግዳ የታደሰበት ደረሰኝ ተጠብቆ መቀመጥ ይገባዋል።

አራተኛው ነጥብ ብዙዎችን የሚጎዳ ነው። ዓረቦን ለመቀነስ ወይም ውሉን ሳይከልሱ ዓመታት በማሳለፍ ቤቱ ከትክክለኛ ዋጋው በታች ዋስትና ሲገባለት፣ ካሳውም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ለምሳሌ 2,000,000 ብር የሚያወጣ ቤት በ1,000,000 ብር ዋስትና ተገብቶለት የ400,000 ብር ጉዳት ቢደርስበት፣ በውሉ የተለየ ስምምነት ከሌለ የሚከፈለው 200,000 ብር ሲሆን ከዚህም ላይ የመድን ገቢው ድርሻ ይቀነሳል። ስለሆነም የግንባታ ዕቃ ዋጋ በጨመረ ቁጥር የዋስትናውን መጠን በየዓመቱ ውሉ ሲታደስ ማስተካከል ያስፈልጋል።

ጉዳት ሲደርስ

ጉዳቱን የማሳወቂያ ጊዜ በቀናት የሚቆጠር ስለሆነ ማስታወቂያው ሳይዘገይ በጽሑፍ ለመድን ሰጪው መድረስ፣ ቅጂውም የደረሰበት ቀን ተጽፎበት መቀመጥ አለበት። ለእሳትና ለስርቆት የፖሊስ ማስረጃ ማውጣት፣ የቀበሌ አስተዳደርም የደረሰውን ጉዳት በደብዳቤ እንዲያረጋግጥ መጠየቅ ይገባል። አደጋው የዝናብ ወይም የነፋስ ከሆነ፣ የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የአካባቢው መረጃ ሊረዳ ይችላል።

የተረፈውን ንብረት በሸራ ወይም በላስቲክ ሸፍኖ ከተጨማሪ ጉዳት መጠበቅ የመድን ገቢው ግዴታ ነው። ሆኖም አስቀድሞ ፎቶግራፍ ማንሳት፣ ፍርስራሹንም ገምጋሚው ሳያየው አለማንሳት ያስፈልጋል። የተጎዱ ዕቃዎች ዝርዝር ከነዋጋቸው ተዘጋጅቶ፣ ከአካባቢው የግንባታ ባለሙያ የተገኘ የጥገና ዋጋ ግምት ሊያያዝበት ይገባል።

ቤቱ የባንክ ብድር መያዣ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ባንኩ የካሳው ቀዳሚ ተጠቃሚ ሆኖ ስለሚመዘገብ፣ ለባንኩም ወዲያውኑ ማሳወቅ ይገባል።

የቀረበው ካሳ አነስተኛ ሲሆን

መድን ሰጪው ካሳውን ከመክፈሉ በፊት ሙሉ ክፍያ መቀበሉንና ተጨማሪ ጥያቄ እንደሌለው የሚገልጽ ሰነድ መድን ገቢውን ሊያስፈርም ይችላል። ይህ ሰነድ ከተፈረመ በኋላ ልዩነቱን መጠየቅ እጅግ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ከመፈረም በፊት የስሌቱን ዝርዝር፣ ማለትም የዕቃዎቹን ነጠላ ዋጋ፣ የእርጅና ተቀናሹንና የመድን ገቢውን ድርሻ በጽሑፍ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ልዩነቱ ካልተፈታ፣ ቅሬታው በመጀመሪያ ለመድን ድርጅቱ የቅሬታ ሰሚ ክፍል፣ ቀጥሎም የመድን ሥራን በአዋጅ ቁጥር 746/2004 መሠረት ለሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሊቀርብ ይችላል። ውሉ የግልግል ዳኝነት አንቀጽ ያለው ከሆነ አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ተፈጻሚ ይሆናል፤ ከሌለው ጉዳዩ ሥልጣን ላለው ፍርድ ቤት ይቀርባል።

በዚህ ሂደት ሊዘነጋ የማይገባው በንግድ ሕጉ አንቀጽ 674 የተቀመጠው የሁለት ዓመት የይርጋ ጊዜ ነው። ከመድን ድርጅቱ ጋር በሚደረግ የቃል ድርድር ብቻ ተስፋ በማድረግ ጊዜው ካለፈ፣ ትክክለኛ የነበረው ጥያቄ እንኳ ተቀባይነት ሊያጣ ይችላል። በመሆኑም መድን ገቢው የጉዳቱን ቀን መዝግቦ መያዝ፣ ጥያቄዎቹን ሁሉ በጽሑፍ ማቅረብና ጊዜው ከመጠናቀቁ አስቀድሞ የሕግ ምክር ማግኘት ይኖርበታል።